«ለቀባሪው አረዱት» ቅሬ ሳያውቁ ሲናገሩት

ባለፈው ሳምንት ደሴ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ከጎኔ ሁለት ወጣቶች ስለ ውሃ መጥፋት ያወራሉ። አንደኛው «ለኃላፊው ሦስቴ ነገርኩት፣ ጭራሽ አይሰማኝም፣ ለቀባሪው አረዱት ሆነብኝ» አለ። ጓደኛውም «ልክ ነህ» አለው።

ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ እንጂ ነገሩ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ለማይሰማ ሰው መናገር ከሆነ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» የተባለለት አለ። «ለቀባሪው አረዱት» ግን ነገሩን ቀድሞ ለሚያውቅ ሰው መንገር ነው። ቀባሪ እኮ ከሁሉ ቀድሞ የሰማ ሰው ነው። ሰምቶ ዶማውን አንስቶ የወጣ፣ አፈሩን በእጁ የመለሰ ነው። አባባሉን ሰው የሚያበላሸው ቀባሪ ማን እንደሆነ ስለጠፋው ይመስለኛል። ወሎ ገጠር ላደገ ሰው ቀባሪ ማለት ቅሬ ነው፤ ጎረቤት ለቀብርና ለችግር የሚደርስበት የመንደር ማኅበር።

ያደግኩት ሐይቅ ከተማ አካባቢ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት አንድ ሰው ጉብታ ላይ ይወጣና ይጣራል። ማን እንዳረፈ፣ የት እንደሚቀበር ተናግሮ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ማንም ቤት ለቤት አይለምንም። የሚያርሰው በሬውን ይፈታል። የሚያጭደው ማጭዱን ያስቀምጣል። ወንዱ ዶማና አካፋ ይዞ ወደ መቃብሩ፣ ሴቷ ውሃና እንጨት ይዛ ወደ ለቅሶ ቤቱ ይሄዳሉ። የሟች ቤተሰብ እሳት እንኳን አያነድም። ንፍሮውንም ቡናውንም ጎረቤት ያመጣዋል።

ቅሬ እስላምና ክርስቲያን አይለይም። ይህን ሁሉም ያወራዋል፣ እኔ ግን የማስታውሰው ጉድጓዱን ነው። ክርስቲያኑ አባቴ ለሙስሊም ጎረቤቱ መቃብር ሲቆፍር ቆሜ አይቻለሁ። አጥበው የሚከፍኑትና የሚሰግዱት የሃይማኖቱ ሰዎች ናቸው። ሶላቱ እስኪያልቅ አባቴና መሰሎቹ ዶማቸውን ተደግፈው ፈንጠር ብለው ይቆማሉ። ከዚያ አፈሩን አብረው ይመልሳሉ። ድግስ ሲሆን ደግሞ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ሰውየው ግን አብሮ ይቀመጣል።

ከቀብር በኋላ ሰው ዝም ብሎ አይበተንም። ሣሩ ላይ ይቀመጥና የቀረ ሰው ይጠየቃል። መንገድ የሄደ ወይም የታመመ ይታለፋል። በንቀት የቀረ ይቀጣል፣ አልታረም ካለም ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ቤቱ ሞት ሲገባ ማን ይቆፍርለታል? ስለዚህ ሽማግሌ ልኮ፣ ካሳውን ከፍሎ፣ አጎንብሶ ይመለሳል። የተጣላን የሚያስታርቀው፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ቤት የሚሠራለት ያው ቅሬ ነው። የከተማው እድር ድንኳንና ወንበር አለው፣ ወርኃዊ መዋጮም አለው። እሱም ደግ ነው። ቅሬ ግን የሚጠይቅህ ራስህን፣ ጉልበትህንና ቀንህን ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤታችን የነበሩ ሼህ አረፉ። እስላም ቀብሩን አያሳድርም፤ ከቀትር በኋላ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። አባቴ ማታ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል። የእናቴ ወንድም ለሰኞ ገበያ ባቲ ሄዶ ነበርና እያለከለከ ደረሰ። ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቷል። «አያ፣ ሰማህ? ሼሁ አረፉ እኮ!» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ።

አባቴ ጥፍሩ ውስጥ አፈር አለ። «ቀብሬያቸው መጣሁ» አላለውም። ተነስቶ ትከሻውን ያዘው፣ አስቀመጠው፣ ውሃ ሰጠው፣ የጀመረውን እስኪጨርስ ሰማው። አጎቴ አልቅሶ ሲያበቃ ነው ስለ ቀብሩ የነገረው። እናቴ ጓዳ ሆና፣ ወንድሟ እንዳይሰማ፣ በቀስታ «አዬ፣ ለቀባሪው አረዳው» አለች። አባባሉን መጀመሪያ የሰማሁት ያን ማታ ነው።

ከዚያ ወዲህ የራሴ እምነት አለኝ፤ አባባሉ የተወለደው እዚሁ ወሎ ነው። ቀብር ቶሎ የሚያልቅበት፣ ገበያው ሩቅ የሆነበት፣ ጎረቤት ከዘመድ ቀድሞ የሚቀብርበት አገር ካልሆነ ቀባሪን የሚያረዳ ሰው ከየት ይመጣል? ዘመድ አዝማድ ብቻውን የሚቀብር ቢሆን እኮ ቀባሪው ራሱ መርዶ የሚነገረው ነበር።

ቃሉንም ልብ በሉት። መርዶ የነገረ አረዳ ይባላል። መርዶ የሰማ ተረዳ ይባላል። ነገሩ የገባውም ተረዳ ነው። ያገዘ ደግሞ ረዳ። ሦስቱ ባንድ ቃል መገናኘታቸው ለእኔ ዝም ብሎ የሆነ አይደለም። ቅሬ ውስጥ ያደገ አፍ ነው እንዲህ ያገናኛቸው እላለሁ። እዚያ የሰማም፣ የገባውም፣ የረዳም ያው አንድ ሰው ነዋ።

መርዶ ደግሞ ወግ አለው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሎች ሆነው፣ ዱዓ ወይ ጸሎት አስቀድመው ነው የሚያረዱት። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ተሸክሞ የሄደ ሰው የሚያረዳው ቀባሪውን ሆኖ ሲገኝ ያሳዝናል እንጂ አያስቅም።

ታላላቆቻችን የ1977ን ድርቅ ሲያነሱ ከረሃቡ እኩል የሚያንገበግባቸው ቀባሪ የጠፋበት ቀን ነው። ዶማ የሚያነሳ ጉልበት አልነበረም ይላሉ። ያን የሰማ ሰው «ቀባሪ» የሚለውን ቃል ለማይሰማ ኃላፊ አይሰጥም።

ሌላም ቅር የሚለኝ አለ። እኛ አገር አባባሉ ሲሆን ሲሆን የተናጋሪው ነበር። ልጅ ታላላቆቹ ፊት ሲቆም «ለቀባሪው ማርዳት እንዳይሆንብኝ እንጂ» ብሎ ይጀምራል። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ግን ፍቀዱልኝ ማለቱ ነው። አሁን አድማጩ ነጥቆት አፍ መዝጊያ አደረገው። ስብሰባ ላይ አንዱ ገና አፉን ሲከፍት «ባክህ፣ ለቀባሪው አረዱት!» ይሉታል። ሰውየውም ይቀመጣል። አባቴ እግሩን እየታጠበ ያን ሁሉ የሰማው እንዲህ እንድንል አልነበረም።

ሻይ ቤት ላገኘሁህ ወጣት፦ ኃላፊው ካልሰማህ አራተኛ ጊዜ ንገረው። ቀባሪውን ግን ለቅሬው ተውልን።