የልጅነት መከራ ምንድን ነው?

ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው የሚደርስበት፣ ሰላሙን የሚነሳው ከባድ ነገር ነው። መደብደብ፣ መደፈር፣ ችላ መባል፣ የሚጠጣ ወላጅ፣ እናት ስትደበደብ ማየት።

ነገሩ ስም ያገኘው አሜሪካ ነው። ሐኪሞቹ ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሳን ዲየጎ ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ ጎልማሶችን ስለ ልጅነታቸው አስጠየቁ። አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ ያዩት ለድብርት፣ ለመጠጥ ሱስ፣ ለልብ ሕመም ሳይቀር ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ደግሞ እኮ ሁሉም የጤና መድን ያላቸው፣ አብዛኞቹም ደህና ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

ጥያቄዎቹ ግን ከቤት ደጃፍ አልወጡም። ጦርነትና መፈናቀል አልነበሩበትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ነው በኋላ ያካተታቸው። ለሰሜን ሸዋ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል ያዩ ልጆች አሉ። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ የገቡም አሉ።

አደጋ ሲመጣ ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ የጭንቀት ሆርሞኖችን ይረጫል። ልብ ይመታል፣ እግር ለሩጫ ይዘጋጃል። አደጋው ሲያልፍ ይረጋጋል። ፍርሃቱ ወር ከወር ሲቀጥል ግን ሰውነት ንቁ እንደሆነ ይቀራል። በር ሲንኳኳ ልጁ ይበረግጋል። ትቶት የነበረው አልጋ ላይ መሽናት ይመለሳል። የአስተማሪው ድምፅ ይሰማዋል፣ ትምህርቱ ግን አይገባውም። ይህን ልጅ «ረባሽ» ብሎ መግረፍ ፍርሃቱን ማባስ ነው።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ዝምተኛው ነው። እኛ ጋ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ ልጅ «ጨዋ» ተብሎ ይመሰገናል። የማይጫወት፣ ምግብ የማያሰኘው፣ ጥግ የሚይዝ ከሆነ ግን ጨዋነት ላይሆን ይችላል። «ሲያድግ ይረሳዋል» ማለትም አይረዳውም።

ምን ይደረግ? ትልቁ መድኃኒት የማይለዋወጥ አንድ አዋቂ ነው። እናት ከሌለች አያት፣ አክስት ወይም አስተማሪ ይሁን። የምግብና የመኝታ ሰዓቱ የታወቀ ይሁን። ወጣ ስትሉ መቼ እንደምትመለሱ ንገሩት፣ ባላችሁት ሰዓትም ተመለሱ። ይጫወት። የደረሰበትን ንገረን ብላችሁ አታስጨንቁት፣ በተለይ ጎረቤት ቡና ላይ ተሰብስቦ ሳለ። ራሱ ካነሳው ግን ሳታቋርጡ አዳምጡት።

ከወር በላይ እንቅልፍ ካጣ፣ ወይም ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ራሱን ስለመጉዳት ካነሳ ለነገ አትበሉ። ጸበል የሚያስጠምቅ ያስጠምቅ፤ ሕክምናው ግን አብሮ ይሂድ።