«ስልክ ላይ የሚያድር ልጅ ኮምፒውተር አይከብደውም» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ደሴ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ለሚዘጋጁ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የሶፍትዌር ስልጠና እሰጣለሁ። ከወላጅም፣ ከመምህርም፣ ከልጆቹም የምሰማቸው አባባሎች ከዓመት ዓመት አይለወጡም። አንዳንዶቹን እኔም አምኜባቸው ስልጠና አዘጋጅቼ ከስሬያለሁ።

«ልጆቹ ስልክ ላይ ነው የሚያድሩት፤ ኮምፒውተር አይከብዳቸውም።»

አንደኛው ኪሳራዬ ይሄ ነው። የመጀመሪያውን ስልጠና ሳዘጋጅ ማውስ አያያዝን ዘልዬው ነበር። ከኩታበር የመጣች፣ ቴሌግራም ላይ ጣቷ የማይያዝ ልጅ ስክሪኑን ነካ ነካ ስታደርግ ቆየችና «ተበላሽቷል መሰለኝ» አለችኝ። ማውሱን ሳሳያት ደግሞ እየገፋች ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረሰች፤ ቀስቱ ግን ገና ስክሪኑ መሃል ነው። ማውሱን ብድግ አድርጎ መልሶ ማስቀመጥ እንደሚቻል ማንም ነግሯት አያውቅም። እኔም ብሆን የሚነገር ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ስልክ ፋይልን ራሱ ያስቀምጣል፤ የት እንዳስቀመጠው ግን አይናገርም። ስለዚህ «ሴቭ አድርጉ» ስትላቸው ያደርጋሉ፤ «አሁን ክፈቱት» ስትላቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። አሁን ፎልደርን የማስረዳው በሙዳይ ነው፤ ሙዳይ ውስጥ ትንሽ ሙዳይ ይገባል፣ ዕቃህን ከማስቀመጥህ በፊት በየትኛው እንደከተትክ ስሙን ትናገራለህ። በ2016 ዓ.ም. የተወሰኑ ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተር ከወሰዱ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከበድ ብሏል። ፊዚክሱን ያወቀ ልጅ ማውስ ሰዓቱን ሊበላበት አይገባም።

«በኮዲንግና በፎቶሾፕ ይጀመር፤ የሚያስፈልገው እሱ ነው።»

ኮዲንግ አልጠላም። ሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና በነፃ አለ፤ ፈተና አልቆ ውጤት እስኪመጣ ያለው ጊዜ ለሱ ምቹ ነው። ተማሪው ከዚያ በፊት የሚወድቀው ግን ፎርም ላይ ነው፤ በተለይ ውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሞክረው።

ስሙን ውሰዱ። ወሎ ውስጥ ስንት ሰይድ አለ? አንዱን ሰይድ የትምህርት ማስረጃው በኤስ፣ ኢ፣ አይ፣ ዲ ይጽፈዋል፤ መታወቂያው በኤስ፣ ኢ፣ ዋይ፣ አይ፣ ዲ፤ ኢሜይሉ ደግሞ ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ እንደመሰለው። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ማመልከቻውን ለሚያገላብጠው የውጭ አገር ሰው ግን ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰዓት ኮምፒውተር አይከፈትም። እያንዳንዱ ተማሪ ማስረጃዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የስሙን ፊደል አንድ በአንድ ያመሳክራል። ያልተስማማ ካለ የሚታረመው ጊዜ እያለ ነው።

የትውልድ ቀንም አለ። ብዙዎቹ በእኛው ዓመት ላይ 7 ደምረው ይጽፋሉ። ጥር 11 ቀን 1999 የተወለደ ልጅ 2006 ብሎ ይሞላል፤ ትክክሉ ጃንዋሪ 19 ቀን 2007 ነው። ከታኅሣሥ 23 ገደማ ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚደመረው 8 ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። «በጃንዋሪ 15፣ ከሌሊቱ 11፡59፣ በኒውዮርክ ሰዓት» የሚል ቀነ ገደብ ያነበበ ልጅ በእኛ ሌሊት 11፡59፣ ማለትም ሊነጋጋ ሲል መስሎት ያመሻል። እነሱ 11፡59 የሚሉት እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ያን ጊዜ ደሴ ላይ በማግስቱ ጠዋት 1፡59 ይሆናል። እዚህ ስህተቱ ለልጁ አደላለት፤ ማብቂያው በለንደን ሰዓት ቢሆን ኖሮ ግን በእኛ ሌሊት 8፡59 ላይ በሩ ይዘጋበት ነበር። ይህን ሰሌዳ ላይ እየሣልን አንድ ሙሉ ሰዓት እንቆይበታለን፤ የማይቆጨኝ ሰዓት ነው።

«ኢንተርኔት ከሌለ ስልጠና የለም።»

ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እኔም እንዲሁ ብዬ ልዘጋው ነበር። ግን ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው የጽሑፍና የሠንጠረዥ መሥሪያ ፕሮግራም በነፃ ይጫናል፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ኮሊብሪ የሚባለው መማሪያ አንድ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ሌሎቹ በዋይፋይ ተያይዘው ያለ ኢንተርኔት ይማሩበታል። ፎርሙንም ቢሆን አስቀድሜ በወረቀት አትሜ አስሞላቸዋለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚያቅተኝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለሱ ባትሪያቸው ያልሞተ አሮጌ ላፕቶፖች ከአዲስ ዴስክቶፕ ይሻላሉ።

«በእንግሊዝኛ ስጣቸው፤ ይለምዱታል።»

ስክሪኑ ላይ ያለው ቃል በእንግሊዝኛ ይቆይ፣ ማብራሪያው ግን ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን። ለብዙዎቹ አማርኛ ነው፤ ከከሚሴ በኩል ለሚመጡት ኦሮምኛ የሚችል ረዳት አጠገባቸው አስቀምጣለሁ።

«ሰርተፍኬቱ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ይረዳዋል አይደል?»

አንድ አባት ከሐይቅ ድረስ መጥተው የጠየቁኝ ነው። «አባባ፣ ለምደባው የሚታየው በዋናነት የብሔራዊ ፈተናው ውጤትና የሞላው ምርጫ ነው፤ የኔ ወረቀት ነጥብ አይጨምርለትም» አልኳቸው። ፊታቸው ሲለወጥ «አብሽር፣ ፎርሙን ግን ሳይሳሳት ይሞላል» አልኳቸውና ሳቁ። ይህን ደብቆ ገንዘብ የሚቀበል አሰልጣኝ ያናድደኛል። ከ2014 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ፈተና ፊት የልጁን የጥናት ሰዓት ለሦስት ወር የምሻማበት ምክንያት የለኝም። ስልጠናዬ አሁን ስድስት ቅዳሜ ነው፤ ድሮ አሥራ አራት ነበር።

«ኢሜይሉን ኢንተርኔት ቤት ያወጡለታል፤ ምን ችግር አለው?»

የይለፍ ቃሉ ባለሱቁ ደብተር ላይ ይቀራል፤ የተመዘገበበት ስልክም የባለሱቁ ነው። ከወራት በኋላ መልስ ሲመጣ ልጁ መግባት አይችልም፤ ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ለሌላ ሰው ነው። ሁለት ተማሪዎቼ እንዲህ ቀርተውብኛል። ስለዚህ ስድስተኛው ቅዳሜ ላይ አዲስ ትምህርት የለም። ሁሉም ቦታ ይቀያየራሉ፣ በማያውቁት ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣሉ፣ የገዛ ኢሜይላቸውን ያለ ረዳት ይከፍታሉ፣ ማስረጃቸውን ለራሳቸው ይልካሉ፣ ዘግተው ይወጣሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ ቡናዬን እጠጣለሁ፤ የጠራኝ ልጅ ካለ በሚቀጥለው ቅዳሜም ይመጣል።