በባሕር ዳር የተጠቃሚ አካውንትና ሜይልቦክስን በስክሪፕት ማስተዳደር

አካውንት መክፈትና መዝጋት፣ የሜይልቦክስ (የኢሜይል ሣጥን) መጠን መከታተል፣ ለኃላፊ ሪፖርት ማውጣት የአይሲቲ ክፍል የዘወትር ሥራ ነው። ሠራተኛው ሠላሳ ከሆነ በማውስ እየተጫኑ መጨረስ ይቻላል። ሺህ ሲሞላ ግን አይሞከርም። ያኔ ትእዛዞቹ በፋይል ተጽፈው በኮማንድ ላይን፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ይሄዳሉ፤ ፋይሉም ስክሪፕት ይባላል።

ባሕር ዳር ለቴክኒክ ሙያ እንግዳ አይደለችም። ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከፔዳ (ከመምህራን ኮሌጁ) ጋር ተዋህዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። «የፖሊ ልጅ ነው» መባል ክብር አለው፤ ይገባዋልም።

በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ዋናው መሣሪያ ፓወርሼል የተባለው የማይክሮሶፍት የስክሪፕት ቋንቋ ነው። ከእሱ በፊት ባች ፋይልና ቪቢስክሪፕት ነበሩ። ፓወርሼል የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ነው። የኢሜይል ሰርቨሩ የኤክስቼንጅ ሰርቨር 2007 አስተዳደርም በእሱ ላይ ተመሠረተ፤ በመስኮቱ የሚጫኑት ቁልፍ እንኳ ከውስጥ የሚያስኬደው የፓወርሼል ትእዛዝ ነው። የተጠቃሚ አካውንቶች መዝገብ የሆነው የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ሞጁል (የትእዛዞች ጥቅል) እ.ኤ.አ. በ2009 ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ጋር መጣ። ‹ጌት-ሜይልቦክስ› ዝርዝሩን ያመጣል፣ ‹ጌት-ሜይልቦክስስታቲስቲክስ› መጠኑንና የመልእክቱን ብዛት ይናገራል፣ ‹ኤክስፖርት-ሲኤስቪ› ደግሞ በኤክሴል የሚከፈት የሲኤስቪ ፋይል ያደርገዋል። አንዱ ያገኘውን ለቀጣዩ ያቀብላል።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የትም አገር አንድ ነው። የእኛ ጣጣ የሚጀምረው ስም ላይ ነው። ፓወርሼል 5.1 ካልተነገረው በቀር ሲኤስቪ የሚጽፈው በአስኪ፣ ለእንግሊዝኛ ፊደል በተሠራው ኮድ፣ ነው፤ አስኪ ደግሞ የግዕዝ ፊደል አያውቅም። «ሙሉቀን» አራት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል። ኢንኮዲንጉን (የፊደል ኮዱን) ግዕዝን የሚያውቀውን ዩቲኤፍ-8 ማድረግ ይበቃል። የሚያደክመው ሌላው ነው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው። ስለዚህ የሰው ኃይል ክፍል የላከው ዝርዝር ከአካውንቶቹ ጋር ከመመሳከሩ በፊት፣ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው የሚመልስ መስመር መግባት አለበት። በስምና በአባት ስም ብቻ የተሠራ የመግቢያ ስምም መጋጨቱ አይቀርም። «አበበ ከበደ» የሚባል ስንት አለ! የአያት ስም ፊደል መጨመር ከቁጥር ይሻላል፤ ቁጥሩን ባለቤቱም ይረሳዋል።

ቀኑም የራሱ መዘዝ አለው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ለስክሪፕቱ ይህ ጁላይ 8 ነው። ፓወርሼል የቆመበት ዶትኔት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያካትትም፤ ስሌቱን መጻፍ የአድሚኑ ፈንታ ነው።

የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት ይጥፋ ወይስ ይታገድ የሚለው ያከራክራል። ምናልባት ማገዱ ሳይሻል አይቀርም፤ በኤክስቼንጅ ነባሪ ቅንብር የጠፋ ሜይልቦክስ የሚቆየው 30 ቀን ነው። «90 ቀን ያልገባን ሁሉ ዝጋ» የሚለው ስክሪፕት ግን ያለ ምንም ጥርጥር ስህተት ነው። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው። በዚያ ላይ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ለሁሉም ሰርቨር የሚያሰራጨው የመጨረሻ መግቢያ ቀን እስከ 14 ቀን ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ስክሪፕቱ ቀድሞ የፈቃድ ዝርዝሩን ያንብብ። ከዚያም በ‹ዋትኢፍ› ይሞከር፤ ምንም ሳይነካ የማንን አካውንት ሊዘጋ እንደነበር ያሳያል።