ከፍትፍቱ ፊቱ፦ ማን ሲለው ነው የሚያምረው?

የገና ዕለት አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ወዳጄ ቤት እራት ተጠርተን ነበር። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ደረጃውን ጨርሰን ትንፋሻችንን ሳንሰበስብ ወዳጄ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና፣ «እንኳን አደረሳችሁ! ግቡ፣ ግቡ! ምንም አላዘጋጀንም እንግዲህ፤ ያው ከፍትፍቱ ፊቱ ነው» አለን። አብረውን የወጡ አንዲት እናት የደረጃውን ብረት እንደያዙ ቀና ብለው አዩት። «አይ ልጄ፣ እሱንማ እኛ በልተን ስንወጣ ነው የምንለው» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ።

ትክክል ናቸዋ! የምሳሌውን ትርጉም እዚህ አልተነትንም፤ ጡት የጣለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የተረሳው ማን፣ መቼ ይበለው የሚለው ነው። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የበላ ሰው ፍርድ ነው። እንግዳው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ከወጣ በኋላ መንገድ ላይ ለባልንጀራው የሚለው ነው። ጋባዡ ራሱ በር ላይ ቆሞ ሲለው፣ ተማሪ የራሱን ፈተና እንደማረም ይሆናል።

ለጋባዥ የተሰጠ ሌላ አነጋገር አለ። «ቤት ያፈራውን» ይላል። አምስት ዓይነት ወጥ ደርድሮም ቢሆን «ኑ፣ ቤት ያፈራውን እንቅመስ» ነው የሚለው። ወዳጄም ሊል የፈለገው እሱን ይመስለኛል። ምክንያቱም «ምንም አላዘጋጀንም» ያለን ሰው ቤት ስንገባ ዶሮው፣ አይቡ፣ ድፎው ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል።

አያቴ ቤት ሁለቱም አነጋገሮች በየቦታቸው ነበሩ። ቤቷ ከደብረ ብርሃን አለፍ ብሎ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት የገብስ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዛሬ በጠዋት ሄደው ለምሳ የሚመለሱበት መንገድ ሆኗል። ያኔ ለኛ ለፒያሳ ልጆች ሌላ ዓለም ነበር። በዓል ሲደርስ እዚያ እንላካለን።

ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ ውሻው ይወጣል፤ ቀጥሎ እኛ። የመጣው ዘመድ ይሁን የመሸበት መንገደኛ፣ ለአያቴ ብዙ ልዩነት አልነበረውም። ሁለቱም የእግዜር እንግዳ ናቸው። መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፋል። ውሃ ይሞቃል። የእንግዳ እግር ማጠብ የልጆች ሥራ ነበር፤ እኔ ደግሞ ይህን ሥራ አልወድም ነበር፤ ጭቃው አያልቅማ። አጥበን ስንጨርስ እግሩን ስመን እንነሳለን። እንግዳውም «እደግ፣ ተመንደግ» ይላል። ለምርቃቱ ሲባል ጭቃው ይረሳል።

ከዚያ ጠላው ይመጣል። የሚቀዳው ሰው ዝም ብሎ አያቀብልም። ትንሽ መዳፉ ላይ ጠብ ያደርግና ፉት ይላል፤ ከዚያ ነው የሚሰጠው። ይህን ያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መሶቡ ሲቀርብ አያቴ ከእንግዳው ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ፍትፍቱን ጓዳ ሠርታ አታመጣም። እዚያው፣ እያየ፣ እንጀራውን በጣቶቿ ጫፍ ትቆራርሰዋለች፤ ወጡን ታፈስበታለች፤ ቅቤ ጠብ ታደርግበታለች፤ ከዳር ወደ መሀል ትሰበስበዋለች። መዳፏን ወጥ አይነካትም። የሚገርመው ደግሞ እጇን አታይም። እጇ ፍትፍቱ ላይ፣ ዓይኗ እንግዳው ላይ ነው። «መንገዱ እንዴት ነበር? ከብቱ ደህና ነው? ያቺ ልጅ ወለደች?» ትላለች። ሰውየው ሲያወራ ፊቷ አብሮት ያዝናል፣ አብሮት ይስቃል። ከዚያ የመጀመሪያው ጉርሻ። «በሞቴ!» ይባላል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። እንግዳው አፉ ሞልቶ መልስ መስጠት ሲያቅተው እኛ ልጆቹ እንስቃለን፤ በቁንጥጫ ዝም እንባላለን።

ያ ፊት ከየት መጣ? ሰው አያቴን «ፍልቅልቅ ናት፣ ተፈጥሮዋ ነው» ይላት ነበር። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። የበዓሉን ሥራ አስቡት። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ የሚታጠነው በዓሉ ገና ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ጌሾው ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ይገባል፤ ቂጣው ይቆራረሳል፤ ድፍድፉ ይቀመጣል። ድፎው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከታችም ከላይም እሳት ተደርጎበት በዋዜማው ይጋገራል። ዶሮው በዋዜማው ሌሊት ያልቃል። 12 ብልት ሆኖ፣ በሎሚና በጨው ተፈትጎ ታጥቦ፣ ቁሌቱ እስኪበስል ድረስ ጎረቤት ተሰብስቦ ሽንኩርት እየከተፈ፣ እያማ፣ እየሳቀ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የተጾመው ጾም የሚፈታበት ጠዋት ሲደርስ አያቴ የቀራት ነገር ቢኖር ታጥባ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቄጤማ ጎዝጉዛ መቀመጥ ነው። ፍትፍት ደግሞ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ በደቂቃ የሚሠራ ነው። እንግዲህ ፊቷም ከድግሱ ጋር አብሮ የተሰናዳ ነበር። ልፋቱ ከእንግዳው ቀድሞ ስላለቀ ነው ለእንግዳው ፊት የተረፈው።

አሁን ወደ መዳፉ ጠላ። የአነጋገሩ ምንጭ እዚያ ነው ባይ ነኝ። በድሮ ጊዜ ምግብና መጠጥ ቀምሶ ማቅረብ ወግ ብቻ አልነበረም፤ መርዝ የለበትም ማለት ነበር። ገበሬ ቤትም፣ ቤተ መንግሥትም። ከወዳጄ ቤት ብዙ በማይርቀው፣ በ2012 ዓ.ም. በተከፈተው አንድነት ፓርክ ውስጥ ዛሬ በሚጎበኘው የምኒልክ ግብር አዳራሽ ጠጅ ይቀዳ በነበረበት ዘመን፣ አሳላፊው መጀመሪያ ከመዳፉ ይቀምስ ነበር። የተጋበዘው ሰው በዚያች ቅጽበት ምን ያያል? ብርሌውን? ኧረ የአሳላፊውን ፊት! ይኮሳተራል? ይሸሻል? ወይስ ፈታ ይላል? ፊቱ ሲፈታ እንግዳውም ይጠጣል። ፍትፍቱም ላይ እንደዚያው። መጀመሪያ የሚነበበው ፊት ነው፤ ምግቡ ቀጥሎ ይመጣል።

አነጋገሩንም ያወጡት ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው እላለሁ። በአህያና በበቅሎ አሞሌ ጨው ጭኖ፣ ቡና ጭኖ አገር ለአገር የሚዞር ሰው ስንት ቤት ያያል! ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይመሽበታል። ቅቤ የሞላበት ፍትፍት ከተኮሳተረ ሰው፣ ሽሮ ፍትፍት ከሳቂታ ሰው ተቀብሏል። ቤትና ቤት የሚያወዳድረው ብዙ ቤት የበላ ነው። ቤቱ የሚውል ገበሬ ከማን ጋር ያወዳድራል?

ታሪክ ያነበበ አንድ ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም። እሱ እንደሚለው ነገሩ ከወታደር ጋር የተያያዘ ነው። ዱሮ ሠራዊት ሲንቀሳቀስ ወታደሩ በየገበሬው ቤት ተመድቦ ያድር ነበር፤ ገበሬው ደግሞ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ያበላዋል። ፍትፍቱ በግድ ይገኛል፤ ፊት ግን በትእዛዝ አይገኝም። ስለዚህ አነጋገሩ ሆዱ ሞልቶ ልቡ የከፋው ወታደር እሮሮ ነው ይላል። መጥፎ ግምት አይደለም። ብቻ ነገሩን አጨለመው። ይህን የመሰለ ሳቂታ አነጋገር ለጠመንጃ ያዥ ለመስጠት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሲራራ ነጋዴውን አልለቅም።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። እዚህ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ከሾላ ዶሮና ሽንኩርት ይዞ ቤት የሚደርስ ሰው ቁሌቱን የሚጀምረው ማታ ነው። መብራት ጠፍቶ ቢመጣም ባይመጣም። ሽንኩርት የሚከትፍለት ጎረቤትም እንደ ዱሮው በእጅ የለም። የፒያሳና የካዛንቺስ ሰፈሮች ሲነሱ አንዱ እዚህ፣ አንዱ የከተማው ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ለሽንኩርት ተብሎ ሁለት ታክሲ ተይዞ አይመጣም። ታዲያ አንድ ሰው ብቻውን ዶሮ፣ አልጫ፣ ክትፎ፣ ጥብስ፣ ሰላጣ፣ ላዛኛ ሁሉ ካላቀረብኩ ይላል። እንግዳ ሲገባ ዓይኑ በሽንኩርት ቀልቷል፤ «ብሉ እንጂ!» ሲል ቁጣ ይመስላል። ፍትፍቱ ሞልቷል፤ ፊት የለም።

ወዳጄ ቤትም የሆነው ይኸው ነው። በር ላይ የተቀበለን የእሱ ፊት ብሩህ ነበር፤ አይካድም። የሚስቱን ፊት በደንብ ያየነው ግን ቡናው ሲፈላ ነው። እስከዚያ ድረስ ከማድ ቤት ወደ ሳሎን ስትመላለስ ጀርባዋን ነው ያየነው። እሱ ከኛ ጋር የበዓል ፕሮግራም እያየ ይጫወታል። እንግዲህ ስንወጣ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ብንል የማንን ፊት ነው የምናመሰግነው? ፍትፍቱን የሠራችውን? ከኔ ጋር ወደ ታች የወረዱት እናት ደረጃው ላይ፣ «ልጅቷ ደክሟታል» ብቻ ነው ያሉት። ሌላ ነገር አልወጣቸውም።

ምክር ከተፈለገ የኔ ይኸው ነው። አንድ ዶሮ ይበቃል። በዋዜማው ይለቅ፤ የዶሮ ወጥ እንደሆነ አድሮ ነው የሚጥመው። አይቡን የሚያመጣ እንግዳ አይጠፋም፤ ድፎውንም ለእህት ማዘዝ ነውር አይደለም። ቡናውን ከመጡት አንዷ ወይም አንዱ ያፍላ። አዎ፣ አንዱም ይችላል። ሽንኩርቱን ባልም ይክተፍ፤ ለአንድ ዶሮ ሁለትና ሦስት ኪሎ ነው፤ ለሁለት ሰው የሚበዛ አይደለም። እንግዳ ከመግባቱ ግማሽ ሰዓት በፊት የማድ ቤቱ በር ይዘጋና ሁለቱም ይቀመጡ። ወጡ ቢቀጥንም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ለገና ሩር የተባለው ለወጥም ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሰሞኑን ደግሞ ይህ አነጋገር ከፎቶ ሥር መጻፍ ጀምሯል። ጠረጴዛው በአበባ ተከቦ፣ እንቁላሉ እንደ ፀሐይ ተደርድሮ፣ አይቡ በቅጠል አጊጦ፣ ከሥሩ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላል። ፊቱ የፍትፍቱ ፊት መሰላቸው! አዳራሽ የሚያስጌጡትም ለማስታወቂያ ይዘውታል። እንግዳው እጁን ታጥቦ፣ እጁን አንጠልጥሎ፣ ፎቶው እስኪያልቅ ይጠብቃል። አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ ከላይ ያነሳል፤ አንዷ «ቆይ፣ ጥላ አለበት» ትላለች። እባካችሁ፣ ለጌጡ ሌላ ስም ፈልጉለት፤ «ያምራል» ብትሉት ማን ከለከላችሁ? ዶሮውንም ሳይቀዘቅዝ አቅርቡልን።