ሻሩናስ ያሲኬቪቺዩስ፦ ከካውናስ በቴል አቪቭ በኩል እስከ አቡ ዳቢ

ሻሩናስ ያሲኬቪቺዩስ፣ ደጋፊዎቹ በአጭሩ «ሻራስ» የሚሉት፣ ሊትዌኒያዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረ፣ ዛሬ አሰልጣኝ የሆነ ሰው ነው። የተጫወተበት ቦታ ፖይንት ጋርድ ነው፤ ኳሱን ይዞ የሚወጣው፣ ማን የት እንደሚቆም የሚያዘውና ጨዋታውን የሚያቀናብረው ሰው ማለት ነው። በ16 ዓመት የፕሮፌሽናል ዘመኑ የዘጠኝ ክለቦችን ማልያ ለብሷል፤ ለአንዳንዶቹም ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ ተጫውቷል። የአውሮፓ ክለቦች ትልቁ ውድድር የሆነውን ዩሮሊግ በተጫዋችነት አራት ጊዜ፣ በሦስት የተለያዩ ክለቦች አንሥቷል። በሦስት ክለቦች በማንሣት የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል። ከአራቱ ዋንጫዎች ሁለቱ የማካቢ ቴል አቪቭ ናቸውና እስራኤል ያደግን አማርኛ ተናጋሪዎች ስሙን ከብዙ ፖለቲከኞች ስም በፊት ነው የለመድነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው ማርች 5 ቀን 1976 ካውናስ ከተማ ነው። ሊትዌኒያ ያኔ በሶቪየት ኅብረት ሥር ነበረች። እናቱ የእጅ ኳስ ተጫዋች ስለነበረች ስፖርት ለቤቱ እንግዳ አልነበረም። በካውናስ ግን ዋናው ነገር ቅርጫት ኳስ ነው፤ የከተማው ክለብ ዣልጊሪስ በሶቪየት ዘመን የሞስኮውን የጦር ሠራዊት ክለብ ሲኤስኬኤን ሲያሸንፍ ሕዝቡ ከስፖርት ያለፈ ደስታ ይደሰት ነበር። ሻራስ የዣልጊሪሱን ኮከብ የአርቪዳስ ሳቦኒስን ስም እየሰማ ያደገው በዚህ ከተማ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ኳሪቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨረሰ። ከ1994 እስከ 1998 በአሰልጣኝ ጋሪ ዊሊያምስ ሥር ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። እዚያ በአብዛኛው የሚጠበቅበት ጨዋታ ማቀናበር ሳይሆን ከሩቅ መወርወር ነበር። በ1998 የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ (ኤንቢኤ) ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ ስሙን የጠራ ቡድን አልነበረም።

ወደ አገሩ ተመልሶ ለቪልኒየሱ ሊየቱቮስ ሪታስ አንድ ዓመት፣ ቀጥሎም ለስሎቬኒያው ኦሊምፒያ ልዩብልያና አንድ ዓመት ተጫወተ።

ዓለም ያወቀው በ2000 ሲድኒ ኦሎምፒክ ነው። በግማሽ ፍጻሜው ሊትዌኒያ ከአሜሪካ ጋር ተገናኘች። አሜሪካኖቹ የኤንቢኤ ተጫዋቾችን መላክ ከጀመሩበት ከ1992 ወዲህ በኦሎምፒክ ተሸንፈው አያውቁም። ሻራስ ያን ቀን 27 ነጥብ አስቆጠረ። ውጤቱ 85 ለ 83 ሆኖ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳሷ እሱ እጅ ገባች፤ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ሆኖ ወረወራት፣ ቀለበቱ ጋ ሳትደርስ አጠረች። ሊትዌኒያ የነሐስ ሜዳሊያ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ማንም ያልመረጠው ልጅ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ባርሴሎና ወሰደው። የካታሎኑ ክለብ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ አምስት ጊዜ ደርሶ አምስቴም የተሸነፈ፣ በዚህም ሰው የሚሳለቅበት ክለብ ነበር። በ2003 የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውድድር እዚያው ባርሴሎና ሲደረግ፣ አሰልጣኙ ስቬቲስላቭ ፔሺች ደያን ቦዲሮጋንና ሻራስን ይዞ ቤኔቶን ትሬቪዞን 76 ለ 65 አሸነፈና ያ እርግማን ተሰበረ። ሻራስ ግን በዚያው ዓመት ወደ ቴል አቪቭ አቀና።

የቴል አቪቭ ሁለት ዓመቶቹ ከቀረው ዘመኑ ሁሉ ረዘም ያለ ቦታ ይገባቸዋል። አሰልጣኙ ፒኒ ጌርሾን ነበር። አንቶኒ ፓርከር በክንፍ፣ ማሲዮ ባስተንና ክሮኤሺያዊው ኒኮላ ቩይቺች ከቀለበቱ ሥር፣ ታል ቡርሽታይን፣ ዴሪክ ሻርፕና ጉር ሼሌፍ ደግሞ በየቦታው። ሻራስ ፈጣን ሰው አልነበረም፤ ሮጦ ማንንም አያመልጥም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ሲሆን ከቆመበት ሆኖ ከአብዛኞቹ ፖይንት ጋርዶች በላይ አሻግሮ ያያል። ቩይቺች መጥቶ በገላው ተከላካዩን ሲከልልለት ሻራስ አንድ እርምጃ ይሄድና ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሊቆም ነው ስትል አይቆምም፣ ሊወረውር ነው ስትል አይወረውርም። ሁለት ተከላካይ ወደ እሱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ያኔ ኳሷ ወይ በመሬት ነጥራ ቩይቺች እጅ ትገባለች፣ ወይ ወደ ላይ ተወርውራ ባስተን አየር ላይ ይቀበላትና ቀለበቱ ውስጥ ይደፍናታል። ሁለቱም ከተዘጋ ራሱ ከሦስት ነጥብ መስመር ይወረውራል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ የአውሮፓ አሰልጣኞች ግን ሁለት ዓመት ሙሉ መፍትሔ አላገኙለትም።

ከዚያ ዘመን አንድ ማታ ብቻ ይነገር ቢባል ኤፕሪል 8 ቀን 2004 ነው። የዚያ ዓመት የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውድድር የሚካሄደው ቴል አቪቭ ነበር። ጊዜው የኢንቲፋዳ (የፍልስጤማውያን አመፅ) ጊዜ ስለነበረ ውድድሩ ከከተማው ይነሣ የሚል ክርክርም ነበር። ማካቢ በገዛ አዳራሹ ያድ ኤሊያሁ ለሚደረግ ውድድር ለማለፍ ያን ማታ ማሸነፍ ነበረበት፤ ካልሆነ ደጋሹ ድግሱን ከውጭ ሆኖ ሊያይ ነው። ተጋጣሚው ደግሞ ዣልጊሪስ ካውናስ ነበር፤ የሻራስ የትውልድ ከተማ ክለብ፣ በዕድሜ ገፍቶም የአውሮፓ ተከላካዮችን ያሰቃይ ከነበረው ከሳቦኒስ ጋር። ሁለት ሰከንድ ያህል ሲቀር ዣልጊሪስ በሦስት ነጥብ ይመራል፣ የቅጣት ምትም አለው። የቅጣት ምቱ ተሳተ። ሼሌፍ ኳሷን ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ወረወራት፤ ሻርፕ በተከላካዮች መካከል ዘሎ ያዛትና ዞሮ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ለቀቃት። ገባች። 94 እኩል። በተጨማሪው ሰዓት ማካቢ 107 ለ 99 አሸነፈ።

ለግል ትዝታ አንድ አንቀጽ ይፈቀድልኝ። ቀኑ ሐሙስ፣ የፋሲካ ሰሞን ነበር፤ ያን ዓመት የኢትዮጵያ ክርስቲያኖችም ጸሎተ ሐሙስን የዋሉት በዚያው ዕለት ነው። እኛ ቤት የተረፈው ቂጣ በነጠላ ጨርቅ ተሸፍኖ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ አያቴ ሶፋው ላይ አሸልበዋል። የሻርፕ ኳስ ስትገባ ሁላችንም አብረን ጮኽን። አያቴ ደንግጠው ተነሡና «ምን መጣ ልጆቼ?» አሉ። ወንድሜ «ምንም አይደለም አባባ፣ አሸነፍን» አላቸው። ገና አላሸነፍንም ነበር፣ ተጨማሪው ሰዓት ይቀር ነበር። ሰው ግን ያኔውኑ አውቆታል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፉክክር ሊባል አይችልም። በግማሽ ፍጻሜው ሲኤስኬኤ ሞስኮ 93 ለ 85 ተሸነፈ። ሜይ 1 በተደረገው ፍጻሜ ማካቢ የቦሎኛውን ፎርቲቱዶ 118 ለ 74 ረታ። በ44 ነጥብ ልዩነት! የጨዋታው ኮከብ ፓርከር ተባለ፤ ተገቢ ነው፣ ኳሷን ማን ሲያቀብለው እንደዋለ ግን ያየ ያውቃል። በቀጣዩ ዓመት በሞስኮ ማካቢ ፓናቲናይኮስን 91 ለ 82፣ ከዚያም በሜይ 8 ቀን 2005 ፍጻሜ እነ ሉዊስ ስኮላን የያዘውን የስፔኑን ታው ሴራሚካ 90 ለ 78 አሸንፎ ዋንጫውን ደገመ። የውድድሩ ኮከብ ያን ጊዜ ሻራስ ራሱ ሆነ። የእስራኤል ሊግና የአገሪቱ ዋንጫም በሁለቱም ዓመታት የማካቢ ነበሩ።

እዚህ ላይ በቁጥር የሚነሣ ጭቅጭቅ አለ። ማካቢ በ2001 ያሸነፈው ሱፕሮሊግ የሚባለውን ነው፤ ያን ዓመት የአውሮፓ ቅርጫት ኳስ ለሁለት ተከፍሎ ሌላው የቦሎኛ ክለብ ቪርቱስም ሌላውን ዋንጫ አንሥቷል። ስለዚህ የ2004ቱ የማካቢ ስንተኛ ዋንጫ ነው የሚለውን አንዳንዶች ሦስተኛ፣ አንዳንዶች አራተኛ ይሉታል። አራተኛ ነው። ዩሮሊግ ራሱ ሁለቱንም የ2001 አሸናፊዎች ይቆጥራል።

በብሔራዊ ቡድኑ በኩል ትልቁ ዓመት 2003 ነው። ሊትዌኒያ በስዊድን በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ፍጻሜ ስፔንን 93 ለ 84 አሸንፋ ከ1939 ወዲህ የመጀመሪያዋን ወርቅ አገኘች፤ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋችም እሱ ተባለ። በዓመቱ በአቴንስ ኦሎምፒክ የምድብ ጨዋታ አሜሪካን 94 ለ 90 ሲያሸንፉ 28 ነጥብ አስቆጠረ፤ ሰባት ጊዜ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ አግብቷል። የሲድኒው ኳስ አጥራ ነበር፤ የአቴንሶቹ አላጠሩም። ሜዳሊያው ግን አልመጣም፣ ሊትዌኒያ አራተኛ ሆና ጨረሰች።

በ2005 ኢንዲያና ፔሰርስ በሦስት ዓመት 12 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። የመጀመሪያው ዓመት መጥፎ አልነበረም፤ በ75 ጨዋታዎች በአማካይ 7.3 ነጥብ አስቆጥሮ 3 ጊዜ ያህል ለጓደኞቹ ለነጥብ የሚሆን ኳስ አቀብሏል። በጃንዋሪ 2007 ስምንት ተጫዋቾችን ባቀያየረ ውል ወደ ጎልደን ስቴት ተላከ። ቡድኑ በዚያ ጸደይ ስምንተኛ ሆኖ ገብቶ አንደኛውን ዳላስን ጥሎ አሜሪካን ሲያስደንቅ ሻራስ በአብዛኛው ወንበር ላይ ነበር። በኤንቢኤ ለምን እንዳልተሳካለት ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። አንዱ የአሜሪካን ፈጣን ጋርዶች መከላከል አልቻለም ይላል። ሁለተኛው ኳሷን ከእጁ ወስደው ጥግ ላይ አቆሙት፣ ጥግ ላይ የቆመ ሻራስ ደግሞ ሻራስ አይደለም ይላል። የመጀመሪያው ውስጥ እውነት የለም አይባልም፤ ሁለተኛው ግን የበለጠ ያሳምናል። ማካቢ ያለ እሱ በ2006 እስከ ፕራግ ፍጻሜ ደርሶ በሲኤስኬኤ ተሸንፏል። እሱ ቢኖር ኖሮ የሚለው ጨዋታ እስከ ዛሬ ቡና ላይ ይነሣል።

በ2007 መገባደጃ ወደ አቴንሱ ፓናቲናይኮስ ሄደ። እዚያ ያገኘው አሰልጣኝ ዤልኮ ኦብራዶቪች ነው፤ በሜዳው ደግሞ ዲሚትሪስ ዲያማንቲዲስና ቫሲሊስ ስፓኑሊስ ስለነበሩ ኳሷ የእሱ ብቻ አልነበረችም። በ2009 በርሊን ላይ ኦሊምፒያኮስን 84 ለ 82፣ ሲኤስኬኤን ደግሞ 73 ለ 71 አሸንፈው ዋንጫ አነሡ። በፍጻሜው የሲኤስኬኤን የመጨረሻ ኳስ ወርውሮ የሳተው ራሙናስ ሺሽካውስካስ ነው፤ በ2003 ከሻራስ ጋር ወርቅ የወሰደው የአገሩ ልጅ። የውድድሩ ኮከብ ስፓኑሊስ ሆነ፤ ይህ ስም በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ከ2010 በኋላ ያሉት ዓመታት የሻንጣ ዓመታት ናቸው፦ ሊየቱቮስ ሪታስ፣ ፌነርባህቼ፣ እንደገና ፓናቲናይኮስ፣ እንደገና ባርሴሎና፣ በመጨረሻም በ2013 ዣልጊሪስ። በ37 ዓመቱ የልጅነት ከተማውን ክለብ ማልያ በፕሮፌሽናልነት ለመጀመሪያ ጊዜ ለበሰ፤ የሊትዌኒያን ሊግ አሸንፎም በ2014 መጫወት አቆመ።

እዚያው ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ቀረና በጃንዋሪ 2016 ዋናውን ወንበር ተረከበ። መስመር ላይ ሲቆም ጠባዩ እንደ ኦብራዶቪች ነው፤ ፊቱ ይቀላል፣ ይጮኻል። ብዙ ሰው ግን የሚያስታውሰው በ2017 በተረጋጋ ድምፅ የተናገረውን ነው። ብራዚላዊው አውጉስቶ ሊማ ልጁ ሲወለድ ለመገኘት በግማሽ ፍጻሜ መካከል ቡድኑን ትቶ ሄዶ ነበር። አንድ ጋዜጠኛ ይህ ተገቢ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሻራስ ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ አለ፤ መልሶም ልጅ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀው፣ ስትወልድ ይገባሃል አለው። ያ ቪዲዮ ቅርጫት ኳስ የማያዩ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ደርሷል። በቀጣዩ ዓመት በጀቱ ከታላላቆቹ ክለቦች ጋር የማይወዳደረውን ዣልጊሪስን ይዞ ቤልግሬድ ላይ ከአውሮፓ ሦስተኛ ወጣ።

ከ2020 እስከ 2023 ባርሴሎናን አሰለጠነ። የስፔንን ሊግ ሁለት ጊዜ ቢያሸንፍም በ2021 የዩሮሊግ ፍጻሜ በአናዶሉ ኤፌስ 86 ለ 81 ተረታ። በዲሴምበር 2023 ሌላው የቀድሞ ክለቡ ፌነርባህቼ ጠራው።

በሜይ 2025 የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውድድር ወደ አቡ ዳቢ ሄደ፤ በባሕረ ሰላጤው ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። ፌነርባህቼ በግማሽ ፍጻሜው ፓናቲናይኮስን ጥሎ ሜይ 25 ቀን በፍጻሜው ከሞናኮ ጋር ተገናኘ። በሞናኮ በኩል መስመሩ ላይ የቆመው አሰልጣኝ ቫሲሊስ ስፓኑሊስ ነበር። ውጤቱ 81 ለ 70 ሆነ፤ ሻራስ ከሞስኮው ማታ ሃያ ዓመት ከ17 ቀን በኋላ አምስተኛውን ዋንጫ፣ በአሰልጣኝነት የመጀመሪያውን፣ አነሣ።