«ሲዲ ያነባል እኮ!»፦ ስለ ዲስክ ድራይቭ የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

ፊልም ከዲቪዲ ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ መሃል ላይ የሚቆም ድራይቭ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ድራይቩ ደህና ነው፤ ሲዲ ያነባል እኮ!» ይህ አባባል በጣም ሰልችቶናል።

ሲዲ ማንበቡ ስለ ዲቪዲው ምንም አይናገርም። ሲዲ የሚነበበው የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር በሆነ ሌዘር ነው፤ ዲቪዲ በ650፣ ብሉሬይ ደግሞ በ405። አንዱ ሌዘር ሲደክም ሌላው እንደ አዲስ ሊሠራ ይችላል። በዚያ ላይ የሲዲ ትራኮች (ዳታው የተጻፈባቸው መስመሮች) በ1.6 ማይክሮሜትር ሲራራቁ የዲቪዲዎቹ ግን በ0.74 ነው፤ ስለዚህ ሲዲውን የማያስቸግር የሌንስ ቆሻሻ ዲቪዲውን ያቆመዋል።

ዲቪዲም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ባለ አንድ ንብርብሩ 4.7 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለቱ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል፤ ከፋብሪካ ታትመው የሚሸጡ ረጃጅም ፊልሞች አብዛኞቹ ባለ ሁለት ናቸው። የደከመ ድራይቭ ወደ ሁለተኛው ንብርብር ሲሻገር ሌንሱ ማነጣጠር ያቅተዋል። ዲስኩ ይፈጥናል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይነሳል፣ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ግልበጣውም ግማሽ አካባቢ ይቆማል። ንጹሕ የሆኑ ሦስት የተለያዩ ፊልሞች እዚያው አካባቢ ከቆሙ ጥፋቱ የድራይቩ ነው። አንዱ ብቻ ካስቸገረና ሌሎቹ ካለፉ ግን ዲስኩን አገላብጣችሁ እዩት። አዲስ ድራይቭ ከመግዛታችሁ በፊት ድራይቩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ገመድ ቀይሩ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ሌላ የሳታ ሶኬትም ሞክሩ፤ አንዳንዴ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

«በማጽጃ ዲስክ ይስተካከላል» ለሚሉ፦ ብሩሽ ያለው ዲስክ የሚያነሳው ደረቅ አቧራ ነው፤ የወጥ ቤት ጭስ ያጋገረውን ቅባት አያነሳም። የላፕቶፕ ድራይቭ ትሪው ሲወጣ ሌንሱ አብሮ ይወጣል፤ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ አርጥባችሁ ሳትጫኑ ጥረጉት፤ ሌንሱ የተንጠለጠለው በቀጫጭን ሽቦ ነው። በሽቶ የሚጠርጉም አሉ፤ ሽቶ ዘይት አለው፣ ተዉት።

«ሌዘሩን ከፍ እናድርገው» ብሎ ከሌንሱ ጎን ያለችውን ትንሽ ቪስ የሚያዞር ባለሙያ ካጋጠማችሁ ድራይቩን ከእጁ መልሳችሁ ውሰዱ። ለደከመ ዳዮድ (ሌዘሩን ለሚያመነጨው ክፍል) ተጨማሪ ከረንት መስጠት ለጊዜው ያነብለታል፣ ከዚያ ይገድለዋል።

«ያለ ስህተት ተገልብጧል፣ ስለዚህ ፋይሉ ደህና ነው።» ለዲቪዲ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ለቪሲዲ አይደለም፤ የቪሲዲ ቪዲዮ ሴክተሮች (ዳታው የተከፋፈለባቸው ቁርጥራጮች) እንደ ዳታ ሲዲ ተጨማሪ የስህተት ማረሚያ የላቸውም፣ ስለዚህ የተበላሸው ሳይታወቅ ያልፋል። የድሮ አማርኛ ፊልም በቪሲዲ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ገልብጦ ፋይሎቹን ያወዳድር።

«16ኤክስ (ባለ 16 እጥፍ ፍጥነት) ነው፣ ይፈጥናል።» ሁልጊዜ አይደለም፤ ብዙ ድራይቮች የፊልም ዲስክ መሆኑን ሲያውቁ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ።

«የዩኤስቢ ድራይቭ ደካማ ነው» የሚባለው ብዙውን ጊዜ የኃይል እጥረት ነው። የዩኤስቢ 2.0 ሶኬት እንዲሰጥ የሚጠበቀው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ዲስኩ ሲነሳ ግን ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። የዩኤስቢ ማከፋፈያውን ተዉና በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት፤ ካልሆነ ሁለት ራስ ያለው ገመድ ተጠቀሙ።

«የላፕቶፕ ድራይቭ ሁሉ አንድ ነው» ደግሞ ገንዘብ ያስጠፋል። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ወይ 12.7 ወይ 9.5 ሚሊሜትር ነው፤ ወፍራሙ በቀጭኑ ቦታ አይገባም፣ አሮጌውን አውጥታችሁ ለኩት። አብዛኛውን ጊዜ ከላፕቶፑ ሥር ያለችውን አንድ ብሎን ፈታችሁ ትስቡታላችሁ። የፊት ሽፋኑንና ከኋላ ያለውን ትንሽ ብረት ወደ አዲሱ አዛውሩ፤ ያለ እነሱ አይገጥምም።

በመጨረሻ የሪጅን ነገር፤ ድራይቩ የየትኛውን የዓለም ክፍል የፊልም ዲስክ እንደሚያጫውት የሚወስነው ቁጥር ማለት ነው። «ዊንዶውስን እንደገና ስጭን ይጠፋል» ይላሉ፤ አይጠፋም። ሪጅኑ የሚቀመጠው ድራይቩ ውስጥ ነው፤ መቀየር የሚቻለውም 5 ጊዜ ብቻ ሲሆን ከዚያ በኋላ ይቆለፋል። ኢትዮጵያ ሪጅን 5 ናት፤ አሜሪካ 1፣ አብዛኛው አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2። ከአሜሪካም ከአውሮፓም ዲስክ የሚላክለት ሰው አንዱን ድራይቭ ከመቀያየር ሁለት ርካሽ ድራይቭ ገዝቶ አንዱን 1፣ ሌላውን 2 ላይ ይተዋቸው። የሰርግ ቪዲዮ ግን ሪጅን የለውም፤ እሱ አልከፍት ካለ ወደ ሌንሱ ተመለሱ።