ሰሜን መቄዶንያ፦ ለተጓዥ የሚሆን አጠቃላይ ዳሰሳ

ሰሜን መቄዶንያ በባልካን የምትገኝ፣ የባሕር በር የሌላት ትንሽ አገር ናት። ስፋቷ 25,713 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የ2021 ቆጠራ ነዋሪዋን ወደ 1.8 ሚሊዮን ያደርሰዋል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መቄዶንያውያን፣ አልባኒያውያን፣ ቱርኮች፣ ሮማዎች፣ ሰርቦች፣ ቦስኒያኮችና ቭላሆች አብረው ይኖሩባታል። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ በኦቶማን ሥር ቆይታለች። በቲቶ ዘመን የዩጎዝላቪያ አካል ነበረች፤ በ1991 ነፃነቷን አወጀች። «መቄዶንያ» በሚለው ስም ከግሪክ ጋር የነበራት ክርክር የተቋጨው በ2018 በተፈረመው የፕሬስፓ ስምምነት ነው።

መንገደኛ ጊዜ ካጠረው ሌላውን ትቶ የሐይቅ ዳሯን ከተማ ኦህሪድን ይይ። ሐይቁ 288 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ በአውሮፓ ካሉት ሐይቆች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። ቅዱስ ክሌመንት በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እዚህ ተማሪዎችን አስተምሯል። ሩሲያውያንና ሌሎች ስላቮች የሚጽፉበት የሲሪሊክ ፊደል የተቀረጸው በኦህሪድ ነው የሚሉ አሉ፤ ብዙ ሊቃውንት ግን ለቡልጋሪያዋ ፕሬስላቭ ይሰጡታል። የሆነው ሆኖ ኦህሪድ ለስላቭ ሕዝብ መጻፍና ማንበብ ትልቅ ባለውለታ ናት።

በሐይቁ ደቡብ ጫፍ የቅዱስ ናኡም ገዳም አለ። በግቢው ፒኮኮች ይንሸራሸራሉ። ምእመናን በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ፤ የቅዱሱ የልብ ትርታ ይሰማል ተብሎ ይታመናል። ከገዳሙ አጠገብ ሐይቁን የሚመግቡ ምንጮች ይፈልቃሉ፤ በትንሽ ጀልባ ሲቀዘፍ አሸዋው ከሥር ሲንተከተክ ይታያል።

ለእኛ ኦርቶዶክሶች ደግሞ በጣም ቅርብ የሆነ ነገር አለ። እዚያም ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ይከበራል። በኦህሪድ ጳጳሱ መስቀሉን ሐይቅ ውስጥ ይወረውራሉ። ጎረምሶቹ በዚያ ብርድ ዘለው ይገባሉ፤ መስቀሉን ያገኘ ይባረካል። ጃንሜዳንና የጎንደርን ጥምቀት ለሚያውቅ ሰው ይህን ማየት ልብ ይነካል።

ዋና ከተማዋ ስኮፕዬ ናት። ጁላይ 26 ቀን 1963 ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ17 ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከ1,000 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኛው ከተማ ፈረሰ። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል የአሜሪካም የሶቪየትም ወታደሮች ለእርዳታ መጡ። መልሶ ለመገንባት የጃፓኑ አርክቴክት ኬንዞ ታንጌ ፕላን አወጣ፤ ፒካሶም ለአዲሱ ሙዚየም ሥዕል ለገሰ። የድሮው ባቡር ጣቢያ ሰዓት አሁንም በዚያችው ደቂቃ ላይ እንደቆመ ነው። እናት ቴሬዛ የተወለዱትም በዚችው ከተማ በ1910 ነው። ከድንጋዩ ድልድይ ማዶ የቱርክ ባዛር ይጀምራል፤ መስጊዱ፣ ሻይ ቤቱና ወርቅ ሠሪው ተደጋግፈው ቆመዋል።

በምዕራብ ያለችው ቴቶቮ በብዛት የአልባኒያውያን ከተማ ናት። ግድግዳው በአበባ ሥዕል የተሞላውን መስጊዷን ሳያዩ ማለፍ ያስቆጫል። በ2001 እዚህ አካባቢ በአልባኒያውያን ታጣቂዎችና በመንግሥት መካከል ግጭት ነበር፤ በዚያው ዓመት ኦገስት በኦህሪድ ስምምነት ቆመ።

ምግብ አያስቸግርም። ታቭቼ ግራቭቼ የሚሉት በሸክላ የሚጋገር ቦሎቄ ነው፤ ሥጋ ሳይገባበት ስለሚሠራ ለጿሚ ይመቻል። ገንዘቡ ዴናር ነው። ከስኮፕዬ ኦህሪድ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ባቡር እስከዚያ አይደርስም።